ተጠንቀቅ የምትለው ልጅ

እታለምን እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ሰው የለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ «እታለም» አላት፤ ጎረቤት ከእሱ ሰማ፣ ደንበኛ ከጎረቤት ወሰደ፤ ዛሬ ከእሷ የሚበልጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሱሪ ሊያሳጥሩ ሲመጡ «እታለም አለች?» ብለው ነው የሚገቡት። ልብስ ሰፊ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከንፈሯ መሀል ሁልጊዜ እስፒል የማይጠፋ፤ በዚህ የተነሳ ጥርሷን ገጥማ ማውራት ለምዳለች፤ ለማያውቃት የተቆጣች ትመስላለች።

ወንድሟ ጸጉር አስተካካይ ነው። ገና በጎልማሳነቱ አናቱ ተመልጦ ስላለቀ ሰፈሩ «ጎፈሬ» ብሎ ሰየመው። እሱም ስሙን በጸጋ ተቀብሎ በሩ ላይ አስጻፈው። ሁለቱ ሱቆች አንድ ክፍል ነበሩ፤ መሀላቸው ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። በወዲህ የስፌት መኪና ይንኳኳል፣ በወዲያ ቶንዶስ ይጮሃል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ መቀስ አያያዝም ከእሷ ነው የተማረው። «እኔ ጨርቅ ስቆርጥ እሱ የተኛችውን ድመት ይከረክማል» ትላለች።

ጎፈሬ ከጸጉር ሌላ አንድ ፍቅር ነበረው፤ ማንጋ። የጃፓኖች የሥዕል ልብወለድ ነው። እሱ የሚወደው ደግሞ ሾነን የሚባለውን፣ ለወንዶች ልጆች ተብሎ የሚሳለውን ዓይነት ነው፤ ድብድብ ያለበት፣ ጓደኝነት ያለበት፣ ወድቆ መነሳት ያለበት። የሱቁ ግድግዳ ከመስተዋቱ በላይ እስከ ጣሪያው በእነዚህ መጻሕፍት ተሞልቷል። ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ አንዱን መዞ ያነባል፤ አንዳንዱ ተራው ደርሶ እንኳ «ይቺን ልጨርስ፣ ሌላ ሰው አስቀድም» ይላል። ሚስቱ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ሌላ ሴት ብትሆን «ወይ እኔን ወይ ወረቀቱን ምረጥ» ባለችው ነበር፤ እሷ ግን ከየደረሰችበት ከተማ ያጣውን ቁጥር እየፈለገች ታመጣለታለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሚጡ። ፊደል የቆጠረችው ከአባቷ ብብት ሥር ቁጭ ብላ በእነዚህ መጻሕፍት ነው።

ከዚያ የቆየበት የስኳር በሽታ ዓይኑን ያዘው።

መጀመሪያ ላይ ለማንም አልተናገረም። መስተዋቱን ደጋግሞ ይወለውላል፤ «አምፖሉ ደከመ» ይላል፤ አምፖል ይቀይራል። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛውን ጆሮ ጫፍ ቆረጠ። ደሙን አላየውም፤ ሰውየው «ኧረ ጆሮዬን!» ሲል ነው ያወቀው። ቶንዶሱን ነቀለ፣ ሽቦውን ጠቀለለ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠ። ሐኪሙ ዓይኑ ውስጥ መርፌ እየወጋው «ቀስ በቀስ ነው የሚሻልህ፤ እስከዚያ ግን ንባብም መቀስም የለም» አለው። ወንበሩን ለሌላ ጸጉር አስተካካይ አከራየና እሱ ጥግ ላይ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

ሰው የሚያዝንለት ስለ ሥራው ነበር። እሱን ግን የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የተከታተለው አንድ ተከታታይ ታሪክ ሊያልቅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ቀርቶት ነበር።

«የመጨረሻው ሳይወጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ጊዜ ቢነበብልኝ» አለ በእራት ሰዓት፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው ወደ ሳህኑ እያየ።

ሚጡ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ፈተና አለብኝ፣ አባዬ» ብላ ተነሳች።

እታለም ልጅቷን በዓይኗ ሸኘቻት። ፈተናው የሚጀምረው ገና ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ታውቃለች። «እኔ አነብልሃለሁ» አለች ወንድሟን። «ደግሞ ለሥዕል! ማን ያቅተዋል?»

አቃታት። ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ዱካዋን ከዱካው አጠገብ አድርጋ መጽሐፉን ገለጠችና «ሞተ፣ ሁሉም ያለቅሳል» ብላ ጀመረች።

«ማን ነው የሞተው? ገና አልጀመርንም እኮ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እዚህ ሞቷል።»

«እታለም፣ ከኋላ ነው የሚጀመረው! የጃፓን ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ!»

«እና አስቀድመህ አትናገርም? ሰውየውን በከንቱ ቀበርኩት!»

ወንበሩ ላይ ሲላጭ የነበረው ደንበኛ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ አዲሱ ጸጉር አስተካካይ ምላጩን አንስቶ ጠበቀው። ጎፈሬም ሳቀ። ዓይኑ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው፤ ለዚያ ስትል መቶ ሰው ከኋላ ወደ ፊት ብትቀብር ደስ ይላት ነበር።

የጃፓኖቹ ስሞች ምላሷን ስለሚያስሩባት በራሷ መንገድ ሰየመቻቸው። ዋናው ልጅ ጸጉሩ እንደ እሾህ የቆመ፣ የሚበላው የማይበቃው፣ ሰባቱን በሮች ከፍቶ የጦረኞች ሁሉ አለቃ ሊሆን የተነሳ ነው፤ «ጃርት» አለችው። ተቀናቃኙ መልከ መልካም፣ ኮስታራ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባለውን ቃል በቃል የሚኖር ልጅ ነው፤ እሱን «ዝምታው» አለችው። ሦስተኛዋ ሴት ልጅ ናት። ቁስል ታክማለች፣ ከኋላ ትቆማለች፤ ጃርትና ዝምታው ከጭራቅ ጋር ሲያያዙ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትጮሃለች።

«ምን አለች?» ይላል ጎፈሬ።

«ተጠንቀቅ አለች።»

ገጽ ይገለበጣል። «አሁንስ?»

«ተጠንቀቅ አለች።»

«እሺ ከዚያ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ የጃርትን ስም ጠራች። ከዚያ ተጠንቀቅ አለች። እኔ እኮ የምለው፣ ይቺ ልጅ ሌላ ቃል አልተማረችም?» ብላ እታለም ልጅቷን «ተጠንቀቅ» ብላ ሰየመቻት፤ ስሙም ጸደቀ።

ልብሱ ደግሞ ለብቻው አበሳጫት። የልብስ ሰፊ ዓይን ነውና አያልፈውም። «ይህን ስማ» ትላለች ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ፤ ወንድሟ እንደማያይ እየረሳች። «ወንዶቹ እስከ አንገታቸው ብረት ለብሰው፣ ይቺ የጦር አለቃ የተባለች በመሀረብ ወጣች! ስፌትም የለው፣ ማሰሪያም የለው። ተቀብታው ነው እንጂ ለብሳው አይደለም። በረዶ ላይ እኮ ናቸው! ብርዱ የሚያውቀው ወንዱን ብቻ ነው? ደግሞ ያቺኛዋ በዘለለች ቁጥር ቁልፏ ይበጠሳል። ሰፊዋ ማን ናት? እኔ ብሆን አፍሬ አገር እለቅ ነበር።»

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ቀን በቀን ልቧ ከተጠንቀቅ ጋር ተቆራኘ። ጃርት ቢወድቅም እንደሚነሳ ታውቃለች፤ አይጨንቃትም። የሚጨንቃት የዚያች ልጅ ነገር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጃርት ድንጋይ ተጭኖት፣ ጭራቁ አፉን ከፍቶ ከሚመጣበት ገጽ ደረሱ። እታለም ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች። «ተጠንቀቅ ካባዋን አውልቃ ጣለችና መሬት የወደቀውን ጦር አነሳች…»

«ቆይ፣ ምን አነሳች?»

«ጦር።»

«እዚያ ገጽ ላይ ጦር አታነሳም።»

«ታነሳለች።»

«እታለም፣ የፈዘዘው ዓይኔ ነው እንጂ ልቤ አይደለም። እዚያ ላይ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። ደርሶ የሚያድነው ዝምታው ነው።»

«ታዲያ ብታነሳስ? እግሯ ሥር ነው የወደቀው! ጎንበስ ማለት ነው የቀራት!»

ጎፈሬ አልሳቀም። «እኔ የጠየቅሁሽ ያለውን ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ሁሉ የሚዋሸኝ ሆኗል። ሐኪሙ ሳያየኝ ይሻልሃል ይለኛል። የድሮ ደንበኞቼ ጸጉሬ ገና ነው እያሉ ሌላ ጋ ይቆረጣሉ፤ እዚያ የተቀቡት የሎሚ ሽቶ ይሸተኛል እኮ። አንቺ እንኳ ያለውን ንገሪኝ።»

እታለም መጽሐፉን አጥፋ አስቀመጠች። ወደ መጋረጃው ማዶ ሄደችና መኪናዋን እንደ ጠላት ትረግጠው ጀመር። ያን ቀንም፣ በማግስቱም ንባብ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጎፈሬ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። መዳፉ ላይ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ይዟል።

«ቁልፌ ተበጠሰ» አለ።

ክሩን አየችው። አልተበጠሰም፤ በመቀስ ተቆርጧል። በእንዲያ ያለ ዓይን መቀሱን ከመሳቢያ ፈልጎ፣ ሸሚዙን ሳይነካ ክሯን ብቻ ለመቁረጥ የደከመው ድካም ታያት። እላዩ ላይ እንዳለ ሰፋችለት።

«ያለውን አነባለሁ» አለች ክሩን እየቋጠረች። «ካነበብኩ በኋላ ግን አማርራለሁ።»

«ማማረርማ መብትሽ ነው» አለ ጎፈሬ።

በዚህ ተስማሙ። ከዚያ ወዲያ ንባቡና ምሬቱ እኩል ይጠበቅ ጀመር። አንዳንድ ደንበኛ የሚቀመጠው ለምሬቱ ነበር።

የመታጠቢያው ታሪክ ላይ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። የጃርት መምህር ሽበታም ነው፣ ጥበበኛ ነው፣ ተራራ ይገፋል፤ ደግሞም ሴቶች ሲታጠቡ በቀዳዳ አጮልቆ የማየት አመል አለው። ይህ በታሪኩ ውስጥ እንደ ቀልድ ነው የሚነገረው። ጎፈሬ ገና ከአፏ ሳይወጣ መሳቅ ጀመረ፤ «አሁን በባልዲ ይመቱታል፣ አንብቢው፣ አንብቢው» ይላል። ሚጡ የቤት ቁልፍ ፈልጋ በሩ ላይ የደረሰችው ያኔ ነው። ሳቁን ሰማች። የአክስቷን እጅ፣ መጽሐፉን አየች። ቁልፉን ሳትወስድ ዞራ ወጣች።

እታለም አየቻት፤ ለወንድሟ ግን አልነገረችውም።

በማግስቱ ሚጡን «ነይ ስፌት አስፈቺኝ» ብላ ጠራቻት። አንድ አሮጌ ካፖርት በሁለት ወገን ይዘው ክሩን እየመዘዙ ብዙ ቆዩ። ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል፤ እታለም ይህን ከሙሽሮች ልብስ ልኬት ታውቀዋለች።

«እነዚያን መጻሕፍት ትወጂያቸው ነበር» አለች።

«ነበር።»

«ምን ሆንሽ?»

ሚጡ አንድ ረጅም ክር ሳትበጥስ እስከ ጫፉ መዘዘችው። «ትንሽ ልጅ እያለሁ ነው። ሱቁ ሞልቶ ነበር። አባዬ ያንን የመታጠቢያውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ዞር ስል ሱቁ ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ።» ቀና አላለችም። «አክስቴ፣ ሁሉም የሚስቁት ከሽማግሌው ጋር ሆነው ነው፣ በቀዳዳው በኩል። ከሚታጠቡት ጋር የሆነ ሰው የለም። እኔ የት ልሁን?»

እታለም እስፒሉን ከከንፈሯ አወጣችው። «ለአባትሽ አልነገርሽውም።»

«እንዴት እነግረዋለሁ? ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ የሚስቀው በዚያ ብቻ ነው። እሱ ክፉ ሰው አይደለም።»

«አይደለም። ልንገረው?»

ሚጡ ትከሻዋን ነቀነቀች። «አንቺ ከነገርሽው ምናልባት አያፍርም።»

ነገረችው። ሳታሽሞነሙን፣ የልጅቷን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ። ጎፈሬ ራሱን በመዳፉ እየዳበሰ ሰማት። «እዚያው ነበረች?» አለ በመጨረሻ። «ብብቴ ሥር?»

«ብብትህ ሥር።»

«እስኪ ያን ገጽ መልሰሽ አንብቢልኝ። ቀስ ብለሽ። የሴቶቹ ፊት ምን ይመስላል?»

እታለም መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየች። የሽማግሌው እያንዳንዱ የፊት ሽብሽብ ተስሏል። «ፊት የላቸውም» አለች። «እንፋሎት ነው የተሳለው።»

ጎፈሬ ያን ገጽ ስንት ጊዜ በገዛ ዓይኑ አይቶት፣ ስንት ጊዜ ስቆበት፣ ፊት እንደሌላቸው ሳያውቅ መኖሩ ገረመው።

ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከበሩ ጠበቃት። በጫማዋ ኮቴ ነው የሚለያት። «የኔ ልጅ» አለ፣ «አንቺ ከተቀመጥሽበት ቦታ ሆኜ አንድም ቀን ሳላይ ኖሬአለሁ። ይቅር በይኝ። መጻሕፍቱን ሁሉ ነገ አውጥቼ ለባለሱቁ መጠቅለያ እሰጣቸዋለሁ።»

«ማን ፈቀደልህ?» አለች ሚጡ፤ ድምፅዋ በመሳቅና በማልቀስ መሀል ነበር። «ዝምታው ወንድሙን ሲያጣ ትራስ ነክሼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ! የድልድይ ጠባቂዋንስ? እሷ ያለችበትን ለመጠቅለያ?»

«የቷ ድልድይ ጠባቂ?»

«አየህ! አንድ እጅ ያላት፣ ሠራዊቱን ብቻዋን ያቆመችው። ልብስ እንኳ ሙሉ ለብሳ ነበር፣ አክስቴ ትመስክር። እንዴት የመሰለች ሰው! ከዚያ ደራሲው ምን አደረጋት? ገደላት። ለምን? ጃርት እንዲናደድ።»

«ጃርት ካልተናደደማ አምስተኛው በር አይከፈትም» አለ ጎፈሬ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«ሁልጊዜ ሴት ሞታ ነው የሚናደደው? ራሱ ጥርሱን አሞት አይናደድም? ደግሞ እማዬን ተመልከት። ሰው የሞላው አውቶቡስ ይዛ በገደል አፋፍ ታድራለች። በነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ውስጥ እሷን የምትመስል ሰው ፈልገህ አምጣልኝ።»

ጎፈሬ አሰበ። ብዙ አሰበ። «የመርከቧ መካኒክ ነበረች…» ብሎ ጀመረ፤ ወዲያው «እሷም ሞተች» አለ በተሸነፈ ድምፅ። ሚጡ አጠገቡ ቁጭ አለች። ክርክሩ እራት እስኪቀርብ አላለቀም፤ እታለምም ሁለቱን እየሰማች አንድ ሱሪ በተሳሳተ በኩል አሳጠረች።

የመጨረሻውን መጽሐፍ ያመጣችው ሹፌሯ ሚስቱ ናት። የእረፍት ቀኗ ነበርና የደንበኞች ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ፣ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ያነበበችው ሚጡ ነች። ጃርት ሰባተኛውን በር ከፈተ፣ ዝምታው ተመለሰ፣ ሰማዩ ተቀደደ፣ ጭራቁ ወደቀ። ጎፈሬ ጉልበቱን ጨብጦ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ዓመታት አልፈው እያንዳንዱ የደረሰበትን የሚያሳይ ምዕራፍ መጣ። ጃርት አለቃ ሆኗል። ዝምታው ዓለምን ይዞራል።

«ተጠንቀቅስ?» አለች እታለም።

«በረንዳ ላይ ናት። ልጅ ታቅፋለች።»

«ምን ትላለች?»

«ምንም አትልም። ትስቃለች። አንድ ሥዕል ብቻ ነው።»

ጎፈሬ ቀና አለ። «መድኃኒቱስ?» አለ። «ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ፣ መንደሯን የጨረሰውን መርዝ ማርከሻ ሳላገኝ አላርፍም ብላ ነበር።»

ሚጡ ገጾቹን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጠች። «የለም። ደራሲው ረስቶታል።»

«እኔም ረስቼው ነበር» አለ ጎፈሬ። «በዓይኔ ሳነብ ድብድብ ፍለጋ ገጹን እየገለበጥኩ አልፋት ነበር። የሰማኋት እታለም ስታነብልኝ ነው። እሷ እንደ ኤሊ ነው የምታነበው፣ የሚያመልጥ ነገር የለም።»

«ኤሊ አያትህ ትሁን» አለች እታለም። ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

ሹፌሯ ዓይኗን ሳትገልጥ ከወንበሩ ላይ ተናገረች። «ልጅ መታቀፏ ምን ነውር አለው? እኔም ታቅፌአለሁ።»

«ነውር የለውም፣ እማዬ። መድኃኒቱንም ብታገኝ ነው ያልነው።»

«እሱማ እውነት ነው» አለች ሹፌሯ እየተገላበጠች። «እኔ አንቺን አዝዬ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት።»

ከወራት በኋላ የጎፈሬ ግራ ዓይን ትንሽ ተመለሰ። ሰው ሲገባ ማን እንደሆነ ይለያል፤ ትልልቅ ሥዕልም ያያል፤ ፊደል ግን አይዝለትም። ቶንዶስ መልሶ አልያዘም። አዲሱ ጸጉር አስተካካይ ሲጨርስ ግን የደንበኛውን ማጅራት በጣቱ ዳብሶ «እዚህ ጋ ተርፎሃል» ይለዋል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ንባቡም ቀጠለ፣ ሌላ ታሪክ ተጀመረ። የዚህኛው ዋና ሰው አሁንም ወንድ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ጎራዴ የምታስተምር አንዲት ሴት አለች። ሚጡ እሷን ስታነብ ድምፅዋን ታወፍራለች። ጎፈሬም ገጹን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ «ፊቷን ልየው እስኪ» ይላል። አየት ያደርገውና «ጎሽ፣ ፊት አላት» ይላል፤ ሚጡ ትስቃለች።

ንባቡን ሲከፋፈሉ ለእታለም የደረሳት የክፉዎቹ ድርሻ ነው። መጀመሪያ «እኔን ለዚህ?» ብላ አኮረፈች፤ ኋላ ግን እስፒል ነክሳ በጥርሷ መሀል የምትናገረው ነገር ከጭራቅ ሁሉ የሚያስፈራ ሆኖ ተገኘ። ሰሞኑን አንዲት ወይዘሮ ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ መጋረጃው ሥር ቆማ ነበር። ከማዶ «አጥንታችሁን ፈጭቼ ለነፋስ እሰጠዋለሁ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ በሩ ስትመለስ መጋረጃው ተገለጠና እታለም ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣች።

«ይግቡ፣ እመቤቴ፣ ይግቡ» አለች ፈገግ ብላ። «ክንድዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ። ኪስ ይኑረው አይደል?»

«ለሠርግ ቀሚስ ኪስ?» አለች ወይዘሮዋ፤ ልቧ ገና አልተመለሰም።

«ሰው እኮ ነዎት፣ የሚይዙት አይጠፋም» አለች እታለም፤ ወገቧን እየለካች።